ውሃው አይስማማትም

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምቀዳው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነው። ወጥ ቤቱን የመረጥኩት ለድምፅ ጥራት አይደለም። ዛሬ የእኛ ብሎክ የውሃ ተራ ነው፤ ውሃ ደግሞ እኛ ዘንድ የሚመጣው ሰው ሲተኛ ነው። ከጀርባዬ የሚንፎለፎል ነገር ከሰማችሁ ጀሪካን እየሞላሁ ነው። ሊሞላ ሲል ድምፁ ይቀጥናል፤ ያን ጊዜ ተነስቼ ሌላውን እደቅናለሁ፤ አትቀየሙኝ።

እስከ አምና ድረስ ይህ ሥራ የእኔ አልነበረም። ሌሊት እየተነሳች ትቀዳ የነበረችው የእህቴ ልጅ ናት። እናቷ ዱባይ ስለሆነች ያደገችው ከእኔና ከእናቴ ጋር ነው። ፊዚክስ ያጠናችው እዚሁ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ነው። አንድ ሌሊት 20 ሊትሩ ጀሪካን ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በስልኳ ለካች፤ በማግስቱ ምድር ቤት ያለች ጓደኛዋን ጠየቀችና «እትዬ፣ እኛ ዘንድ እስኪደርስ እኮ ግፊቱ ያልቃል» አለችኝ። አሥራ አንደኛ ክፍልን ሳትጨርስ የውሃ ምህንድስና እንደምታጠና ወስና ነበር።

የ12ኛ ክፍል ፈተናውን የተፈተነችው በ2016 ዓ.ም. ነው። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014ቱ ፈተና ወዲህ ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በመጀመሪያው ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ነበሩ፤ በእሷ ዓመት 5.4 ደረሱ። ጳጉሜን ላይ ውጤቷ ሲታይ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ከሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሰው ወጣ። ከዚያ በኋላ የተፈተንነው እኛ ነን።

መስከረም ላይ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚሞላበት ቀን መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈላ፤ ሸንጎ ተቀመጠ። እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ከአቃቂ የመጣው የልጅቷ አባት፣ እኔ፤ እህቴ ደግሞ በስልክ። ልጅቷ ቡናውን ታቀርባለች።

እናቴ በጎንደር ጀመረች። «44ቱ ታቦት ያሉበት አገር እያለ ምን ያስጨንቃችኋል?» አለች። ወንድሜ ሲኒውን አስቀመጠና «መንገዱ!» አለ። አንድ ቃል። እናቴ ዝም አለች። የልጅቷ አባት ተራውን ወሰደ። እሱ ጌታን ከተቀበለ አሥር ዓመት ሆኖታል፤ እናቴ ይህን በይፋ ይቅር አላለችውም። «ሐዋሳ አየሩ ደስ ይላል» አለ። እናቴ ቀልጠፍ ብላ «ሐዋሳ ውሃው አይስማማትም» አለች። እናቴ ሐዋሳን በዓይኗ አይታ አታውቅም።

ያን ቀን እቤታችን ውስጥ መንገድ፣ አየርና ውሃ ስንት ጊዜ እንደተጠሩ ብቆጥር ኖሮ ደስ ባለኝ። ሃይማኖት የሚለው ቃል አንድ ጊዜም አልተነሳም። ብሔር የሚለውም አልተነሳም። ነገር ግን ሁሉም ሰው የሚባለውን ሁሉ ይሰማ ነበር። ወንድሜ «መንገዱ» ሲል መንገዱን ማን እንደያዘው፣ አውቶቡስ ያስቆመው ሰው በየትኛው ቋንቋ እንደሚጠይቃት፣ መታወቂያዋ ላይ የየትኛውን ወገን ስም እንደሚያነብ ማለቱ ነው። የልጅቷ አባት «አየሩ» ሲል እዚያ የክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት ጠንካራ ነው፣ ልጄን የሚይዝልኝ ሰው አለ ማለቱ ነው። እናቴ «ውሃው» ስትል ደግሞ ልጄን ይወስዱብኛል ማለቷ ነው። ሰምና ወርቅ የቅኔ ቤት ሥራ ብቻ ይመስላችኋል? የኮንዶሚኒየም ቡና ላይም ይዘረፋል።

ወንድሜን ግን አልፈርድበትም። መንገዱ ሰም ብቻ አልነበረም፤ ወርቁም ራሱ መንገድ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በየግቢው ተማሪ በብሔሩ እየተለየ ሲጋጭ፣ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን ልጆች የረሳ ወላጅ የለም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ አማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በሰኔ 2016 ደግሞ፣ ማለትም የእኛ ልጅ ልትፈተን ቀናት ሲቀሯት፣ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ተወሰዱ። ይህን ሁሉ ሰምቶ «መንገዱ» የማይል ሰው ወይ ልጅ የለውም ወይ ሬዲዮ የለውም።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ያች አንዲት ቃል እውነተኛውን ፍርሃትና ተራውን ጥላቻ በአንድ ጆንያ ከትታ ታስገባለች። በር ላይ ማንም ጆንያውን ፈትቶ አያይም። «መንገዱ» ካልክ አለቀ፤ መንገዱን ሰግተህ ይሁን ሰዉን ጠልተህ የሚጠይቅህ የለም።

ሳይሸፍን የሚናገር ሰው በእኛ ደረጃ ላይ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሙስሊም ጎረቤታችን። የእሷም ልጅ በዚያው ዓመት አልፋለች። «እኔ የምፈልገው ልጄ ስለ ሻሿ የማትጠየቅበት ቦታ ነው» አለችኝ፤ አበቃ። ከወራት በኋላ አክሱም ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሂጃብ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ደረጃው ላይ አገኘችኝና «አየሽ?» ብላኝ አለፈች።

ሕጉስ ምን ይላል ካላችሁ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ ያዛል። ግሩም አንቀጽ ነው። ቅድስት ሥላሴ ወይም መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ የሚገባ ሰው ምን እንደመረጠ ከስሙ ያውቃል፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። የማንም ያልሆነውን ወስደን የእገሌ ነው ብለን ካርታ ላይ የምንቀባው እኛ ነን፤ በቡና ሰዓት።

ፖለቲካ ግቢ የገባው ዛሬ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። እነዚያ ግን ፖለቲካውን ያገኙት ከገቡ በኋላ፣ አንብበውና ተከራክረው ነው። የእኛ ልጆች ከመግባታቸው በፊት እኛው ሰፍተን እናለብሳቸዋለን።

እኔ በ2000 ዓ.ም. ጂማ ስመደብ እናቴ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የፈራችው፤ ወባና ሥጋ። «የማን ሥጋ እንደሆነ ሳትጠይቂ እንዳትበዪ» ብላ ሸኘችኝ። 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱን ያነሳ ሰው አልነበረም። ዶርማችን ውስጥ ስምንት ነበርን። ከአጋሮ የመጣች ሙስሊም ልጅ ከእኔ በላይ ባለው አልጋ ትተኛ ነበር። በዚያ ዓመት ዓረፋ ታኅሣሥ ላይ፣ በገና ጾም መሀል ዋለ። ቤቷ አክብራ ስትመለስ ለሌሎቹ ሥጋ አመጣች፤ ወደ እኔ ዞራ «አንቺስ በሁለት በኩል ተከልክለሻል» አለችና ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ጥሬ ቡና ፈታችልኝ። ያ የአጋሮ ቡና ነው። ግቢው በር ላይ ሻይ ለምትሸጥ ሴት ሰጥተን አስቆልተን ጠጣነው። ያኔ ሁሉም ፍቅር ነበር የሚል ተረት ልነግራችሁ አይደለም፤ በየዩኒቨርሲቲው የብሔር ጠብ ያኔም ነበር። ነገር ግን እናቴ የፈራችውን በስሙ ነበር የጠራችው። ሥጋ አለች፣ ሥጋ ማለቷ ነው።

ሜሪላንድ የምትኖር የአጎቴ ልጅ አለች፤ የእሷም ልጅ በዚያው ወቅት ኮሌጅ ትመርጥ ነበር። ስልክ ተደዋውለን ስንተዛዘን አመሸን። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፅንስ ማቋረጥን ጉዳይ ለየግዛቶቹ ከተወ ወዲህ ልጅቷ ሕጋቸው ያልተስማማትን ግዛቶች በሙሉ ከነኮሌጆቻቸው ሰርዛለች። አባቷ ደግሞ ዲያቆን ነው፤ የሃይማኖት ኮሌጅ ነበር የሚፈልገው። ከዚያ ዩታ ስላለው የሞርሞኖች ዩኒቨርሲቲ፣ ስለ ብሪገም ያንግ አጫወተችኝ፤ ተማሪው አልኮል ብቻ ሳይሆን ቡናና ሻይም ላይጠጣ ቃል ገብቶ ነው የሚገባው። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነበርና እናቴ «ቡና?» ብላ አማተበች።

ከራሱ ጋር የሚስማማ ቦታ ብቻ የሚመርጥ ሰው ክፍያ የሚከፍለው የገደል ማሚቶ ለመስማት ይመስለኛል፤ አልቀናሁበትም። የቀናሁት በወረቀቱ ነው። ኮሌጁ አቋሙን ጽፎ ያስፈርማል፤ ልጅቷም የጠላችውን በስሙ ጠርታ ትሰርዛለች።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ።

ልጅቷ ከመጀመሪያው አርባ ምንጭን አንደኛ አድርጋ ነበር። ምክንያቷ አጭር ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በ1979 ዓ.ም. ሲጀመር የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር። አባቷ ደስ አለው። እሱ ደስ ስላለው እናቴ ጠረጠረች፤ ያው «ውሃው» መጣ። ልጅቷ ጀበናውን እንደያዘች «እማማ፣ አርባ ምንጭ ካለ አንዱ እንዴት አይስማማኝም?» አለቻት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቀጥሎ ወንድሜ፣ ያው የመንገዱ ሰው፣ በመስከረም 2011 ቡራዩ ላይ ጋሞዎች ከተገደሉ በኋላ አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የወጣውን ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሱትን የጋሞ ሽማግሌዎች አስታወሳት። እናቴ በቴሌቪዥን አይታ አልቅሳ ነበር። «የእነዚያ አገር ነው?» አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

የተቀሩትን ምርጫዎች በኮምፒውተር የምሞላው እኔ ነበርኩ። ልጅቷ ስኒ ልታጥብ ስትሄድ ሁለተኛ ያደረገችውን ዩኒቨርሲቲ አየሁ። ስሙን አልጠራውም። ትምህርቱ ጥሩ፣ ክፍሉ ያለ፣ መንገዱም በዚያ ሰሞን ሰላም ነበር። ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ አነበብኩት። እንደ አክስት አልነበረም ያነበብኩት፤ እንደማያውቃት ሰው፣ መታወቂያ ተቀብሎ ገጿንና ወረቀቱን እያስተያየ እንደሚቆም ሰው ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የአያቷ ስም እዚያ አገር ምን ተብሎ እንደሚሰማ አሰብኩ። ከዚያም እዚያ ስለሚበዙት ሰዎች ያለኝን ሐሳብ፣ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን፣ ለራሴ ሰማሁት። ሰረዝኩት። በቦታው ሌላ አስገባሁ።

እጇን በፎጣ እያደረቀች ስትመለስ «ያን ቀይሬዋለሁ፤ ዲፓርትመንቱ ገና አዲስ ነው» አልኳት። ውሸት ነው። ዝም ብላ ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየችኝ።

«ዲፓርትመንቱ ነው ወይስ ውሃው?»

ጂማ አራት ዓመት የኖርኩት እኔ ነኝ። ያን ቡና የጠጣሁት እኔ ነኝ። በእናቴና በወንድሜ ሰም ስስቅ የዋልኩትም እኔ ነኝ። መልስ አልሰጠኋትም፤ እሷም መልሳ አልጠየቀችም፤ ዝርዝሩ እንደቀየርኩት ተላከ።

ምደባው ሲመጣ አንደኛ ምርጫዋ ደረሳት። ስለዚህ የእኔ ስረዛ ምንም አልለወጠም። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ እስካሁን አልረዳኝም።

የሄደችው ገና ሳይነጋ ነው፤ ከቃሊቲ መናኸሪያ፣ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ። እናቴ ጠበል በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልታ፣ ክዳኑን በፌስታል አስራ ከሻንጣዋ ጎን ሸጎጠችላት፤ «የአገሩን ውሃ ከመጠጣትሽ በፊት ከዚህ ቅመሺ» አለቻት። አባቷ እጁን ራሷ ላይ ጭኖ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ። እናቴ ፊቷን ወደ አውቶቡሱ ጎማ አዞረች፤ እስኪጨርስ ግን ጠበቀችው።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ስልክ ደወልኩላትና ከሰላምታው በኋላ ሳላስበው «ውሃው እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለች፣ ከዚያ ሳቀች።

«የቱን ውሃ ነው የምትጠይቂኝ፣ እትዬ?»

ድምፁ ቀጠነ፤ ጀሪካኑ ሊሞላ ነው። ልነሳ።