ስንዝር የማይሞላ ቆሮሶ

(ምስል፦ አራት ኪሎ፣ የምሳ ሰዓት። ዓሣ ቤት በር ላይ ዘይት እየፈላ ነው።)

ሰላም ናችሁ? ዛሬ ያለሁት አራት ኪሎ ነው። ዐቢይ ጾም ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ፣ ቅድስት ላይ ነን። ይህቺ ዓሣ ቤት በሌላ ጊዜ ብትመጡ ወንበር አታጡም። ዛሬ ሰው በር ላይ ቆሞ ነው ተራ የሚጠብቀው። ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወው። እኔ የማየው ወረፋውን ነው። የከተማችን ሰው ዓሣ ትዝ የሚለው በጾም ነው።

ያዘዝኩት ሙሉ ጥብስ ነው።

(ምስል፦ ሳህኑ ቀርቦ ይታያል።)

እዩት እስኪ። ጎኑ ተተልትሏል፣ ቆዳው ቡናማ ሆኖ ተኮማትሯል፣ ጅራቱ እንደ ቺፕስ ደርቋል። አጠገቡ ሎሚና ዳጣ አለ። አሁን እጄን ልዘርጋና ልለካው። ከአውራ ጣቴ እስከ ትንሿ ጣቴ። ስንዝር አልሞላም።

የቤቱን ባለቤት ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ ዓሣው ከየት ነው?»

«የሐዋሳ ነው ልጄ። ድሮ አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር። አሁን ለአንድ ሰው ሁለት እየደረብኩ ነው የማቀርበው።»

ለምን እንደዚህ ሆነ? መልሱን ለማግኘት ወደ ሐይቁ መውረድ አለብን።

(ምስል፦ ሐዋሳ ሐይቅ፣ ማለዳ፣ ጀልባዎች ወደ አሞራ ገደል፣ ወደ ዓሣ ገበያው ሲመለሱ።)

ሐዋሳ ሐይቅ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ትንሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 22 ሜትር ያህል ነው። ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ቢቆምበት ጣሪያው ላይ ውሃ ይደርሳል ማለት ነው። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል። የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። መውጫ የሌለው ሐይቅ ብዙ ጊዜ ጨው ይሆናል፤ ሻላንና አቢያታን አስቡ። የሐዋሳ ውሃ ጨዋማ ያልሆነው ከመሬት በታች እየሰረገ ስለሚወጣ ነው ተብሎ ይታሰባል።

ሐይቁ ውስጥ ስድስት ዓይነት ዓሣ አለ። ገበያ የሚወጡት ሦስቱ ናቸው፦ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው)፣ አምባዛ እና ቢልጫ። እኛ ሳህን ላይ የሚደርሰው ግን በአብዛኛው ቆሮሶ ነው። አምባዛ ቅርፊት የለውም። ቅርፊት የሌለውን ዓሣ በሃይማኖት ምክንያት የማይበላ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ የከተማው አምሮት በሙሉ አንዱ ዓሣ ላይ ያርፋል።

ቆሮሶ እንዴት እንደሚራባ ሳውቅ፣ እውነቴን ነው፣ ዓሣ ቤት የምቀመጥበት ዓይን ተቀየረ።

ወንዱ ጥልቀት ወደሌለው ዳርቻ ይወጣና አሸዋውን እየቆፈረ እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ መጥታ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች። ከዚያ ግን ትታው አትሄድም። አንድ በአንድ ለቅማ አፏ ውስጥ ታስገባዋለች። በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ነው። እዚያው አፏ ውስጥ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ መዋኘት ከጀመሩ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ይህ ሁሉ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። አፏ ሙሉ ስለሆነ በዚያ ጊዜ በደንብ አትበላም። እንዲህ ያለችው እናት መረብ ውስጥ ስትገባ አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም የሚያዘው። በአፏ የያዘችው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

አሁን የቀን መቁጠሪያውን እንይ።

(ምስል፦ የግድግዳ ካላንደር፤ ወራቱ በቀይ ሲከበቡ።)

የሐዋሳ ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ይራባል። አጥብቆ የሚራባባቸው ወቅቶች ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው ከጥር እስከ መጋቢት ነው። ሁለተኛው ከሐምሌ እስከ መስከረም።

ዐቢይ ጾምስ? ባሕረ ሐሳቡ እንደሚያሳየው የሚገባው ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። 55 ቀን ይቆያል። የትኛውም ዓመት ላይ ቢሆን ከመጀመሪያው የመራቢያ ወቅት ጋር መገጣጠሙ አይቀርም። ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1 ይገባል። ሁለተኛው ወቅት መሀል ላይ።

እኛ ቆሮሶን አብዝተን የምንፈልገው እናቲቱ አፏን በልጆቿ ሞልታ ባለችበት ጊዜ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ነው ይህን ቪዲዮ ልሥራ ያልኩት።

መረቡም የራሱ ታሪክ አለው። ዓይኑ ሰፊ የሆነ መረብ ትንንሹን ያሳልፋል። ትልቁ ጭንቅላቱን ያስገባና ስንጥቡ ላይ ይያዛል፤ ወደፊትም ወደኋላም አይልም። ዓይኑ ሲጠብ ገና ያልወለደው መያዝ ይጀምራል። ከዚህ የሚብሰው ከዳርቻ የሚጎተተው መረብ ነው። ጎጆዎቹ ያሉበትን አሸዋ ጠርጎ፣ ጫጩቱንም እናቱንም ሰብስቦ ይወጣል።

አስጋሪውን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ ግን አልፈልግም። ሌሊቱን በብርድ ሐይቅ ላይ የሚያድር ሰው ነው። ትናንት በአንድ መረብ የሚሞላለት ጀልባ ዛሬ በሦስት መረብ ካልሞላ አራተኛ ይጨምራል፣ ዓይኑንም ያጠባል። ልጆቹን ማብላት አለበት። መረብ እየበዛ በየመረቡ የሚያዘው እያነሰ ሲሄድ የሐይቁ ዓሣ እየመነመነ ለመሆኑ ትልቅ ምልክት ነው። ትልልቆቹ ቀድመው ተይዘው ሲያልቁ ደግሞ የቀሩት ገና በትንሽነታቸው መውለድ ይጀምራሉ። ትንሽ እናት የምትጥለው እንቁላል ደግሞ ጥቂት ነው።

ሕግ የለም እንዳንል የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። የጎደለው ሐይቁ ዳር ቆሞ መረቡን የሚያይ ሰው ነው።

ወደ ሳህኔ ልመለስ። በልቼ ጨርሻለሁ፤ ጭንቅላቱ ቀርቷል።

(ምስል፦ ጣቶች የዓሣውን ጭንቅላት ከኋላ በኩል ሲከፍቱ።)

ይህቺን ነጭ ነገር አያችኋት? ከሩዝ ፍሬ አትበልጥም። የዓሣው የጆሮ ድንጋይ ናት። በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት አለው፤ ይህቺ ትልቋ ናት። ዓሣው ባደገ ቁጥር ድንጋይዋም እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት እየደረበች ትሄዳለች። ቀለበቱ በማይክሮስኮፕ ተቆጥሮ የዓሣው ዕድሜ ይታወቃል። አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ፦ የሐዋሳ ቆሮሶ በዓመት ሁለት ቀለበት ነው የሚያወጣው። ይህን የማያውቅ ሰው ዕድሜውን በእጥፍ ይቆጥርለታል። ከዚህ ዓሣ ቤት የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ አለ። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ለዓመታት ካጠኑት ምሁራን ብዙዎቹ የወጡት ከዚያ ነው።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? ዓሣ አትብሉ አልልም። እኔም ነገ እበላለሁ። ግን ስታዝዙ ጥሬውን አሳዩኝ በሉ። የሐዋሳ ቆሮሶ ለመውለድ የሚደርሰው ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ነው። የአዋቂ ሰው ስንዝር ማለት ነው። ሜትር መያዝ አያስፈልግም። ስንዝር ካልሞላ ሌላ አምጡልኝ በሉ። ፊሌቶና ጉላሽ ላይ ይህን ማየት አይቻልም፤ ሙሉ ዓሣ የማዘው ለዚህ ነው። አምባዛ የምትበሉ ደግሞ በጾም ወቅት እሱን ብታስቀድሙ ቆሮሶው ትንሽ ይተነፍሳል።

ይህን ለባለቤቷም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ፣ የበረዶውን ሳጥን ከፈቱ።

(ምስል፦ ሳጥኑ ውስጥ በበረዶ መሀል የተደረደሩ ዓሣዎች።)

እጃቸውን ዘርግተው አንዱ ላይ አስቀመጡ። አልሞላም። ሁለተኛው ላይ። አልሞላም። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝና «ነገ ጠዋት ልጁ ሲያመጣ አንተም ና፤ አብረን እንለካለን» አሉኝ።