መሄጃውና መመለሻው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ወሬዬ ስለ ርቀት ነው፤ «ደግሞ ጀመረው» የምትሉኝ ከወዲሁ ይሰማኛል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዋሽንግተን አቅራቢያ እስከሚገኘው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው አጭሩ የአየር መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩ ለሄደም ለተመለሰም እኩል ነው፤ ጉዞው ግን እኩል አይደለም። ከደለስ የተነሣው አውሮፕላን 13 ሰዓት ያህል በርሮ በቀጥታ ቦሌ ሲገባ፣ ከቦሌ የተነሣው ነዳጅ ለመሙላት በመንገድ ላይ ያርፋል። ማረፊያው በተለያዩ ጊዜያት የአየርላንዷ ደብሊንም የቶጎዋ ሎሜም ሆኗል።

ከቦሌ ወደ ደለስ ስሄድ አንድ ሌሊት ደብሊን ስናርፍ፣ አጠገቤ የነበሩት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቦርሳቸውን አቅፈው ብድግ አሉ። «ደረስን አይደል ልጄ?» አሉኝ። «ገና ነን እማማ፤ ነዳጅ ሊሞላ ነው፣ ይቀመጡ» አልኳቸው። ለምን ከአገር ቤት ሞልቶ እንዳልወጣ ጠየቁኝ፤ እኔም የምታውቁኝ ነኝና ማስረዳቱን ተያያዝኩት። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ደግሞ ክንፉን የሚያነሣው ኃይልም የሞተሩ ጉልበትም ስለሚቀንስ፣ ሰውና ጭነት የሞላ አውሮፕላን ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ጨምሮ ለመነሣት ይቸግረዋል። በዚያ ላይ የከፍታው ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ ሲኬድ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ሲመለሱ ከኋላ ያግዛል። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ሳበቃ፣ ላጽናናቸው ብዬ «መመለሻው ቀላል ነው፤ የትም አይቆምም» አልኳቸው። «የመመለሻውን ነገር እንኳ ልጆቹ ናቸው የሚያውቁት» አሉና ቀበቷቸውን እንዳስርላቸው ጠየቁኝ።

ትኬቱን የያዙት ልጆቻቸው ስለሆኑ ብቻ ብለውት ይሆናል። ላይሆንም ይችላል። በድምፃቸው ቅሬታ አልሰማሁም፤ እንደ ተራ ነገር ነው የተናገሩት፣ ምናልባት የከበደኝም እሱ ነው።

በነገራችን ላይ፣ በግድግዳ ካርታ ላይ ሁለቱን ከተሞች በማስመሪያ ብታገናኙ መስመሩ ሰሃራን በአግድም ሰንጥቆ ይሄዳል፤ ምድር ክብ ናትና እውነተኛው አጭር መንገድ ግን በፖርቱጋልና በስፔን በኩል ወደ ሰሜን ይጎብጣል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ለእሳቸውም ልነግራቸው አስቤ ተውኩት።

ደግሞም ሰዓቱ አለ። ማታ ከቦሌ ተነሥቶ ጠዋት ደለስ የሚደርሰው ሰው፣ በ8 ሰዓቱ ልዩነት ምክንያት፣ አሜሪካ ሰዓቷን ወደ ፊት በምታዞርባቸው ወራትም በ7ቱ፣ ትኬቱን ሲያነብ አንድ ሌሊት ብቻ የተጓዘ ይመስለዋል፤ በአየርና በመሬት ያሳለፈው ግን ከ16 ሰዓት በላይ ነው። እሳቸው ከደብሊን በኋላ ስንት ሰዓት እንደቀረን አልጠየቁኝም። እኔም ለስንት ጊዜ እንደሚሄዱ አልጠየቅኋቸውም፤ መጠየቅ ነበረብኝ እንዳልል፣ በአውሮፕላን የተገናኙትን ሰው እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ደግ ነው እንዴ? ደግሞ ቢነግሩኝስ ምን ልላቸው ኖሯል፣ እንጃ…