ብሮሿን ገልብጧት

ክቡራትና ክቡራን፣ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዛችሁ በእንግሊዝ የእርሻ ማሳ ላይ የምትውሉ ወዳጆች ሁሉ፣ እንደምን አላችሁ።

የዛሬው ርዕሳችን አውራ ጣት የማታክል ዕቃ ናት። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ብሪታንያ በሮም አገዛዝ ሥር ሳለች የተሠራች፣ የምትሮጥ ጥንቸል የምትመስል የመዳብ ቅይጥ ብሮሽ፣ ማለትም ልብስ ላይ በመርፌ የምትሰካ ጌጥ፤ ርዝመቷ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዳክዬ፣ ዶሮ፣ ውሻ፣ ዓሣና ፈረሰኛ የሚመስሉ ዘመዶች አሏት።

ያገኛት ሰው ሁሉ መጀመሪያ ፊቷን ነው የሚያየው። እናንተ ገልብጧት። በአንደኛው ጫፍ ጆሮ የሚመስሉ ሁለት ትናንሽ የብረት ቅጥያዎች፣ በመካከላቸው የመርፌው መዞሪያ፣ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ የመርፌው ጫፍ የሚያርፍበት መንጠቆ አለ። አሠራሯ ከመርፌ ቁልፍ አይለይም። መርፌው ብዙውን ጊዜ አይገኝም፤ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሚጎብጠው ሥሩ ላይ ስለሆነ ከዚያው ይሰበራል። መዞሪያው ብረት ከነበረ ቡናማ ዝገት ይተዋል። ያ ዝገት ማስረጃ ነውና አትፈቅፍቁት። በመርፌውና በሰውነቷ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ወፍራም ካባ አይገባበትም፤ ስለዚህ ከማያያዣነቷ ይልቅ ጌጥነቷ ያመዝናል።

ፊቷ ላይ ያሉት ጎድጓዳ ቦታዎች የኢናሜል ማረፊያ ናቸው። ሠሪው ባለቀለም ብርጭቆ ፈጭቶ፣ በውሃ አርሶ፣ ጉድጓዱን ይሞላና እሳት ውስጥ ያስገባታል። ብርጭቆው መቅለጥ አለበት፣ ብረቱ ግን መቅለጥ የለበትም፤ እሳቱ ካለፈ ጥንቸሏ ቅርጿን ታጣለች። ሲቀዘቅዝ ላዩ ተፍቆ ይስተካከላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀዩ ቀለም የሚመጣው ከመዳብ ነው፤ አፈር ውስጥ ሲበላሽ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። አግኚው የመዳብ ዝገት ይመስለውና በጥርስ ብሩሽ ጠርጎ ይጥለዋል። የጣለው ግን ቀለሙን ራሱን ነው።

ጥንቸል ለምን ተመረጠች? ጁሊየስ ቄሳር ብሪታንያውያን ጥንቸል፣ ዶሮና ዝይ መብላትን እንደ ነውር ያዩ ነበር ሲል ጽፏል። ጥንቸል የማይበላበት አገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሆኖም ቄሳር የጻፈው ብሮሿ ከመሠራቷ ከ150 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው፤ በዚህ ብቻ ቅድስና ልንሰጣት አንችልም። የፈረሰኛው ብሮሽ ግን ሌላ ነው። በኖርፎክ ሆክዎልድ በመሳሰሉ የቤተ ጣዖት ቦታዎች በብዛት ስለተገኘ፣ ለአማልክት ይሰጥ ነበር ለማለት መሠረት አለን። ይህን ያስቻለን የብሮሹ ውበት ሳይሆን የተገኘበት ቦታ መመዝገቡ ነው።

ስለዚህ ማሳ ላይ ስትሆኑ፣ ከባለመሬቱ ፈቃድ ውጭ አትጀምሩ። በ1979 ሕግ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በተጠበቁ የቅርስ ቦታዎች ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ መጠቀም ወንጀል ነው። ማረሻ ከደረሰበት አፈር በታች ጠልቆ ከተገኘ ቁፋሮውን አቁሙና ባለሙያ ጥሩ። ዕቃውን ከማንሳታችሁ በፊት ቦታውን ካርታ ላይ የሚያመለክተውን ቁጥር ያዙ፤ ባለ 8 አኃዙ እስከ 10 ሜትር፣ ባለ 10 አኃዙ እስከ 1 ሜትር ያደርሳል። «ከመንደሩ ሰሜን» የሚል ማስታወሻ ግን ለምንም አይበጅም። ውሃ፣ ኮምጣጤ፣ ሎሚ አታስነኳት። በቀስታ አድርቃችሁ፣ በተበሳ ፕላስቲክ ከረጢት፣ ከዚያም እርጥበት መጣጭ ባለበት በሚከደን ሣጥን አስቀምጧት። ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ብቅ ካለ ጨውና እርጥበት ተገናኝተው ብረቱን እየበሉት ነው፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጥገና ባለሙያ ውሰዷት።

ሕጉን በተመለከተ፣ በ1996ቱ የትሬዠር (የጥንት ውድ ሀብት) አዋጅ አንዲት የመዳብ ብሮሽ ብቻዋን «ትሬዠር» አትባልም ነበር። በ2010 በካምብሪያ የተገኘው የክሮስቢ ጋሬት የሮማውያን የራስ ቁርም የመዳብ ቅይጥ በመሆኑ ከሕጉ አመለጠና በጨረታ ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። ከሐምሌ 2023 ወዲህ ግን ከ200 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ብረታ ብረት ያለበትና እጅግ የላቀ ታሪካዊ ፋይዳ ያለው ዕቃ በሕጉ ሥር ይወድቃል፤ ትሬዠር ሊሆን ይችላል ብላችሁ ካሰባችሁ በ14 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ተራዋን ጥንቸል ማስመዝገብ በፈቃደኝነት ነው። የአካባቢያችሁ የግኝት መዝጋቢ ይለካታል፣ ይመዝናታል፣ ፊትና ጀርባዋን ፎቶ ያነሣል፣ ከዚያም መልሶ ይሰጣችኋል።