የሳብኳት ትንፋሽ

እሺ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። አዎ፣ ቀይዋ በርታለች። የጎረቤት ዶሮ ዛሬ አይረብሸንም። ለበዓል ተሠውቷል። (ሳቅ) የምር አዝኛለሁ፣ ከእኔ በላይ እሱ ነበር አድማጭ ያለው።

ዛሬ ስለ ሐይቅ ጉዞዬ ላወራ ነበር፣ አውቃለሁ። ይቆየን። የእቴቴ ነገር አላስተኛኝ አለ። እቴቴን ታውቋታላችሁ፤ «ያን ማይክህን ከጀበናዬ አርቅልኝ» የምትለዋ። ከአባቷ የወረሱት ቤት ጉዳይ አለቀ። አለቀ ነው የሚባለው እንግዲህ።

የችሎቱ ቀን ጠዋት ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ አይታይም ነበር። ደሴን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እኔ፣ እቴቴና አያ በአንድ ባጃጅ ነው የሄድነው። አያ ማለት ተከራካሪዋ ነው፣ ወንድሟ! ሒሳቡንም የከፈለው እሱ ነው። ልትካሰስ ሄዳ ከሳሿ ትራንስፖርት ይከፍልላታል። ወሎ ነው እንግዲህ፣ ምን ልበላችሁ።

የሸሪዓው ችሎት ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው እስከ ደረት ድረስ አረንጓዴ የተቀባ፣ አንድ አግዳሚ፣ ጠረጴዛው ላይ በሲባጎ የታሰሩ መዝገቦች። እቴቴ ነጠላዋን ደጋግማ ታስተካክላለች። ቃዲው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀል አደረጉና ጠየቋት። «ጉዳዩ እዚህ፣ በሸሪዓ እንዲታይ ፈቃደኛ ነዎት?»

እቴቴ እሳቸውን አላየችም። ዞራ እኔን አየችኝ።

እኔ ደግሞ... ያቺን ትንፋሽ ታውቋት የለ? ወደ ውስጥ የምትሳበዋን። «አስም አለብህ እንዴ?» እያላችሁ የምትጽፉልኝን። ሳብኳት። ቅንድቤንም ብድግ አደረግኩ መሰለኝ።

«እሺ» አለች።

ጸሐፊው ጻፈ። ሦስት ሰከንድ ቢፈጅ ነው።

ያኔ ጥያቄው የወግ መስሎኝ ነበር። «ቡና ይጠጣሉ?» እንደማለት። ቤት ገብቼ ሳነብ ለካ ሁሉ ነገር እዚያች ጥያቄ ላይ ነው የቆመው። ሕገ መንግሥቱ፣ የ1987ቱ፣ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5፤ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ የሚችለው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። የዳኛ ሥልጣን ከአዋጅ ይመነጫል እንል የለ? ቃዲው ጋ ግን ያ ሥልጣን ሥራ የሚጀምረው እቴቴ አፍ ላይ ነው። «አይ» ብትል ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር።

የእኛ ክልል ሸሪዓ የራሱ አዋጅ አለው። እኔ ያነበብኩት የፌዴራሉን ነው፣ 188/1992። እሱ ላይ መጥሪያ ደርሶህ ብትቀር እንደተስማማህ ይቆጠራል። ከተስማማህ በኋላ ደግሞ «ሐሳቤን ቀየርኩ፣ ወደ መደበኛው ውሰዱኝ» የለም። ይቺን ስደርስ ስልኬን ዘግቼ ተኛሁ። ተኛሁ ስላችሁ ጋደም አልኩ ነው።

ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ በ1952ቱ፣ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ እኩል ይወርሳሉ። በሸሪዓ ለወንዱ ሁለት እጅ፣ ለሴቷ አንድ እጅ። ስለዚህ መንገድ ዳር ያለችው ሱቅና ትልቁ ክፍል ለአያ ሆኑ። ለእቴቴ በጓሮ በኩል ያለው ማድ ቤትና አንዲት ክፍል።

አንድ ጓደኛዬ «ሰበር ውጡ» አለኝ። ልጅ ሆኜ ሰበር ችሎትና ሰበር ዜና አንድ ይመስሉኝ ነበር። (ሳቅ) ቀልዴን አይደለም! ዳኛው ሮጦ ገብቶ የሚያነብ። እና ለዚሁ ብዬ ስለ ፍርድ ቤቶቻችን ሳነብ ግራ ገባኝ። ፌዴራሉም ክልሉም የየራሱ ሦስት ደረጃ አለው። በክልል ጉዳይ የመጨረሻው የክልሉ ጠቅላይ ነው፣ ባሕር ዳር። ግን ደግሞ የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃን ሥራ ደርቦ ይሠራል። ያው ዳኛ፣ ያው ወንበር፣ ጠዋት የክልል ከሰዓት የፌዴራል። የእኛ ሰፈር ፀጉር ቤት ከሰዓት ሞባይል እንደሚጠግነው ማለት ነው... ይቅርታ፣ ዳኞች እንዳይሰሙኝ።

ሰበሩ ደግሞ ይግባኝ አይደለም። ምስክር አይሰማም፣ ግድግዳ አይለካም። የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ ነው። እሺ፣ በእቴቴ ጉዳይ ስህተቱ የት ነው? ጠየቋት፣ እሺ አለች፣ ተጻፈ። የእኔ ትንፋሽ መዝገብ ላይ የለችም።

አንዲት የአዲስ አበባ ሴት ነበረች፣ የውርስ ጉዳይ ነው የእሷም። «ሸሪዓ እንዲያየው አልተስማማሁም» እያለች ከታች እስከ ፌዴራል ሰበር ወጣች። አልሆነላትም። በመጨረሻ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሄደች። እኛ አገር ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው ፍርድ ቤት አይደለም፣ ምክር ቤቱ ነው። አሥራ አንድ ሰው ያለበት አጣሪ ጉባኤ አይቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርብለታል። በ1996 ፈረዱላት፤ ፈቃዷ ከሌለ ሥልጣን የለም ብለው። ሳነበው ከአልጋዬ ተነሳሁ። ከዚያ ትዝ አለኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ። እሷ እኮ እምቢ ያለች ናት። የእኔዋ እሺ ብላለች።

በዚያ ላይ እኔ ማን ነኝ? የአባቷ ልጅ አይደለሁ፣ ወራሽ አይደለሁ። አባቴ የአክስቷ ልጅ ነው፣ ያውም እናቴ ቤተ ክርስቲያን የምትስም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል እኔን ነው ያየችኝ። የተማረ ነው ብላ ይሆናል።

ወይስ... አላውቅም። ምናልባት ድሮም እሺ ልትል ነበር። ሴትዮዋ አምስት ወቅት ሳታጓድል የምትሰግድ ናት። ማታ ቡና ላይ «እኩል ይደርስሽ ነበር እኮ» ልላት ብዬ አፌ ላይ ደረሰ። አያ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ፈንድሻ ይዘግናል። ሁለተኛውን ሲኒ ለእሱ አስቀድማ ሰጠችው። ዋጥኩት።

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይባላል አይደል? በፍርድ ነው የሄደችው፣ እሺ። ግን በቅሎዋን ያስነዳኋት እኔ ብሆንስ? ማለቴ... ብታውቅ ኖሮ ምን ትል እንደነበር እኔም አላውቅም፣ ቃዲውም አያውቁ። የጠየቁት ፈቃዷን ነው፣ ማወቋን አይደለም። አሁን ይሄን ስል ራሱ ሸሪዓውን የወቀስኩ ይመስላል። አይደለም። የወረዳው ዳኛ ጋ ሄዳ ቢሆንም እኔን ዞራ ማየቷ አይቀርም ነበር።

ትናንት ደውላ «ማድ ቤቱን ቆርቆሮ ልቀይርለት ነው፣ ቅዳሜ ና» አለችኝ። ድምጿ ደህና ነው። ይስቃል እንኳ። «እሺ እመጣለሁ» ልላት ስል ምን እንደወጣኝ ታውቃላችሁ?

ያቺው ትንፋሽ። እና እሷ... ቆይ፣ እየተደወለ ነው።