ሥዕሉ እዚሁ ይቅርልን፦ በመጀመሪያዬ የሥዕል ሽያጭ መክፈቻ ላይ ያደረግሁት ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በተለይም ከከተማው ዳር ድረስ መንገድ አቋርጣችሁ የመጣችሁ የቀድሞ የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ነዋሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ በነጭ ጋዋን ነው። በሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ደም እየመረመርኩ የምተዳደር ባለሙያ ነኝ፤ ሥዕል ከሥራ መልስና በእረፍት ቀኔ የምይዘው ነገር ሆኖ ኖሯል። ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተሰቀሉት ሥራዎች ግን ከጎናቸው ዋጋ ተጽፎባቸዋል። ማንም ሰው ገብቶ ሊያይና ሊገዛ በሚችልበት ቦታ ሥራዬን ለሽያጭ ሳቀርብ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ልነግራችሁ የምፈልገው ስለዚያ ዋጋ ነው፤ ለምን እንደተጻፈ፣ እንዴት እንደተተመነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማን እንዲከፍለው እንደምመኝ።

እስከ ዛሬ ሥዕሎቼን በስጦታ ነበር የምሰጠው። ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ አዲስ ቤት ለገባ ወዳጅ አንድ ሥዕል በጋዜጣ ጠቅልዬ እሄዳለሁ። በእኛ ዘንድ ሰው በትርፍ ጊዜው በእጁ ለሠራው ነገር ዋጋ መጥራት ያሳፍራል፤ ለወዳጅ መሸጥ ደግሞ ከንፉግነት ይቆጠራል። ይህን ልማድ አልነቅፈውም፤ ብዙ ወዳጅነት ያቆመ ልማድ ነው። ነገር ግን ስጦታ የተቀበለ ሰው አልመረጠም። ሥዕሉን ሳሎኑ ውስጥ የሰቀለው ወዶት ይሁን ወይም እኔን ላለማስቀየም ብሎ በፍጹም ማወቅ አይቻልም። ገዢ ግን ከብዙ ሥራዎች ፊት ቆሞ ይመለከታል፣ አንዱን አልፎ ሌላው ጋ ይመለሳል፣ ከቤቱ ወጪ ላይ ቀንሶ ይከፍላል። በሥራዬ ላይ እንዲህ ያለ ፍርድ እንዲሰጥ የፈለግሁት ከልቤ ነው፤ ዋጋ ሳይኖር ይህ ፍርድ አይገኝም።

የሀገራችን ሥዕል ገበያ ታሪክ ስለ ገዢ ማንነት ብዙ ያስተምራል። ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳና ከብራና ወጥቶ በጨርቅ ላይ ለሽያጭ የተሠራው ሥዕል በአዲስ አበባ የተስፋፋው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ የውጭ ሀገር ሌጋሲዮኖች (የኤምባሲ ዓይነት መሥሪያ ቤቶች) እና ተጓዦች በበዙበት ጊዜ ነው። እነ በላቸው ይመርን የመሳሰሉ ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትናንሽ ክፍሎች እየከፈሉ፣ የአደን ትዕይንትና የዓድዋን ጦርነት እየሳሉ ለእነዚህ እንግዶች ሸጠዋል፤ ዛሬ ከእነዚህ ሥዕሎች ብዙዎቹ የሚገኙት በአውሮፓ ሙዚየሞችና በግለሰቦች ቤት ነው። በዘመናዊው ሥዕልም ታሪኩ እምብዛም አልተለወጠም። ከሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ዝነኛ ሥራዎች አንዱን ለማየት የሚሻ ሰው ኒው ዮርክ የሚገኘውን የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም መጠየቅ አለበት። የሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታም ሥራዎች ከፊሎቹ ለረጅም ዘመን በጀርመን ከቆዩ በኋላ ነው ተመልሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ልናያቸው የቻልነው። ዛሬም ቢሆን በጋለሪዎቻችን ሥዕል የሚገዙት በአብዛኛው ዲፕሎማቶችና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች ናቸው። እነዚህ ገዢዎች ባይኖሩ ኖሮ ብዙ ሠዓሊ ብሩሹን ጥሎ ሌላ እንጀራ ይፈልግ ነበርና ምስጋናቸውን ልነፍጋቸው አልችልም። ነገር ግን የሥራ ዘመናቸው ሲያልቅ ሥዕሉ ከዕቃቸው ጋር ይሄዳል።

ይህ ጉዳይ እኔን የሚያስጨንቀኝ በሳልኩት ነገር ምክንያት ነው። ከፊታችሁ ያሉት አብዛኞቹ ሥራዎች የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ቤቶች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ፈርሶ ሲነሳ ነዋሪው ወደተለያየ አቅጣጫ ተበተነ፤ ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ቡና አብረው የጠጡ ጎረቤቶች ዛሬ በተለያየ የከተማው ጫፍ ይኖራሉ። በመግቢያው በስተቀኝ የተሰቀለውን ሥዕል ልብ ብላችሁ እዩልኝ። ባለ እንጨት በረንዳ ቤት ነው። ከደረጃው አጠገብ ልስኑ ተገሽልጦ የባሕር ዛፍ ማገሩና ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ይታያል፤ የበረንዳው ድጋፍ አንዱ እንጨት ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል፤ ቆርቆሮው ከመዛጉ የተነሳ ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው አንድ ዓይነት ቀለም የለውም። ያንን ዝገት ለማምጣት በርንት ሲየና በሚባለው ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም ላይ ትንሽ አልትራማሪን የሚባለውን ጥልቅ ሰማያዊ እየጨመርኩ፣ እንደገና በብርቱካናማ እያሞቅሁ፣ ቆርቆሮውን መስመር በመስመር ነው የሠራሁት። ንድፉን የወሰድኩት ቤቱ ቆሞ ሳለ፣ ከፊት ለፊቱ ባለች ሱቅ በር ላይ ተቀምጬ ነው፤ የሱቋ ባለቤት የሆኑት እናት በርጩማ አውጥተው ከሰጡኝ በኋላ በዚያ ቤት ማን ከማን ጋር እንደኖረ እየነገሩኝ ነበር የሳልኩት። ይህ ሥዕል ማንም አላፊ አግዳሚ “የአንዲት የድሮ ከተማ ትዝታ” ብሎ ከሚወስደው ይልቅ፣ ያንን ደረጃ በልጅነቱ ሲወጣና ሲወርድ ያደገ ሰው ቢገዛው ምን ያህል እንደምደሰት መናገር አይቻለኝም።

እንግዲህ ዋጋውን የተመንኩት ይህን ገዢ እያሰብኩ ነው። ሸራውን ራሴ ነው የምወጥረው፤ አቡጀዲ ገዝቼ፣ አናጺ በሠራልኝ የእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሬ፣ በኮላና በነጭ ቀለም ደጋግሜ ቀብቼ አዘጋጃለሁ። የዘይት ቀለሙና ጥሩው ብሩሽ ግን ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ አንድ የቀለም ቲዩብ ለመግዛት ሁለቴ ማሰብ ግድ ሆኗል። በዚህ ላይ የጨመርኩት የሰዓቴን ዋጋ ነው፤ ሰዓቴንም የተመንኩት ላቦራቶሪ ውስጥ በሚከፈለኝ ደመወዝ ልክ ነው። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም፤ ደመወዝተኛ ጎረቤቴ እንዲገዛኝ ከፈለግሁ የእኔ ሰዓት ከእሱ ሰዓት የሚበልጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዚያ በታችም አልወረድኩም፤ ምክንያቱን በግልጽ ልናገር። እኔ ወር ሲደርስ ደመወዝ አለኝ። ኑሯቸው ሥዕል ብቻ የሆነ፣ ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተመርቀው የስቱዲዮ ኪራይ የሚከፍሉ፣ ልጆች የሚያሳድጉ ሠዓሊዎች ግን በዚህ ከተማ አሉ። በትርፍ ጊዜያችን የምንሠራ ሰዎች የምንበላው አለን ብለን ሥራችንን በቀለሙ ዋጋ ብንለቅ፣ ዋጋ የምንሰብረው በእነሱ ላይ ነው። ከእናንተ መካከል ቤቱ ውስጥ ሸራ ደርድሮ፣ ልሽጥ ወይስ አልሽጥ እያለ የሚያመነታ ሰው ካለ፣ ይህን ነገር አደራ እለዋለሁ።

ያም ሆኖ የተጻፈው ገንዘብ በአንድ ጊዜ ለመክፈል ለብዙዎቻችን ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ሥዕሉን ዛሬ ወስዶ በሦስት ወር ከፍሎ መጨረስ ይቻላል። ከዚህ የተሻለው መንገድ ግን ከባልደረቦቼ የመጣ ነው። በላቦራቶሪያችን ያሉ ሠራተኞች የሥዕል እቁብ ጀምረዋል። በየወሩ ያዋጣሉ፤ እጣ የወጣለት ሰው በገንዘቡ የወደደውን ሥዕል ይገዛል፤ የግድ የእኔን እንዲገዛ አይገደድም፣ ከማንም የሀገራችን ሠዓሊ መግዛት ይችላል። እኔ ሻጭ ስለሆንኩ ከእቁቡ ውጭ ነኝ። ይህን ሐሳብ ስሰማ እጅግ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም ጥሩ ሥዕል መግዛት የሀብታም ጉዳይ ነው የሚለውን ልማድ በራሳችን በቆየ ደንብ የሚያፈርስ ነው። በየመሥሪያ ቤታችሁ፣ በየኮንዶሚኒየም ብሎካችሁ እንድትሞክሩት እለምናችኋለሁ።

ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው። ቀንሺልኝ የሚለኝ ሰው ቅር አያሰኘኝም፤ በገበያችን የኖረ ነገር ነው። ሆኖም ለአንዱ ቀንሼ ለሌላው ብከለክል፣ በሙሉ ዋጋ የገዛው ሰው ነገ ሲሰማ ማዘኑ አይቀርምና ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አሁን ለገዢዎች አንዳንድ ጉዳዮችን ላሳስብ። የዘይት ቀለም ከላይ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እስኪደርቅ ብዙ ወራት ይፈልጋል። በዚህ ዓመት የተሠሩት፣ ጀርባቸው ላይ ቀናቸው ተጽፏል፣ ገና ቫርኒሽ አልተቀቡም፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ብታመጡልኝ ያለ ክፍያ እቀባላችኋለሁ። ሥዕሉን ፀሐይ በቀጥታ ከምታርፍበት ግድግዳ አርቁት። ቡና ከሚቆላበትና እጣን ከሚጨስበት ቦታ ፊት ለፊትም አትስቀሉት፤ ጭሱ በጊዜ ብዛት ነጩን ያጠቁረዋል። አቧራውን በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አራግፉ፤ እርጥብ ጨርቅ አይንካው። የኮንዶሚኒየም የኮንክሪት ግድግዳ ተራ ሚስማር እንደማያስገባ የምታውቁት ነው፤ ስለዚህ ድሪል ያለው ወንድሜ በየቤታችሁ መጥቶ ሊሰቅልላችሁ ቃል ገብቷል።

ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋር የተፈረመ ወረቀት ትቀበላላችሁ። በላዩ የሥዕሉ ርዕስ፣ መጠኑ፣ የተሠራበት ዓመትና የተከፈለው ገንዘብ ተጽፏል። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥዕሉ የገዢው ንብረት ይሆናል፤ በካላንደር፣ በፖስት ካርድ ወይም በማስታወቂያ ላይ አባዝቶ የማውጣት መብት ግን በውል ካልተላለፈ በሠዓሊው ዘንድ ይቆያል። ወረቀቱ ይህንንም ይገልጻል፤ በኋላ ቅሬታ እንዳይፈጠር ስትፈርሙ አንብቡት።

አንድ ልመና ብቻ ይቀረኛል። በየሥዕሉ ሥር ባዶ ወረቀትና እርሳስ አለ። ቤቱን የምታውቁ፣ በውስጡ የኖራችሁ ወይም ከአጠገቡ ያደጋችሁ ሰዎች ማን እንደኖረበት፣ በየትኛው በር ምን ይሸጥ እንደነበረ፣ የምታስታውሱትን ሁሉ ጻፉበት። የምትጽፉት ከሥዕሉ ጀርባ ተለጥፎ ከገዢው ጋር ይሄዳል። መጻፍ የሚቸግራቸው እናቶችና አባቶች ካሉ እህቴ ከጎናቸው ተቀምጣ ትጽፍላቸዋለች።

አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ ወንበር ለደረደሩት፣ ፍሬሙን በዱቤ ለሠራልኝ አናጺ፣ ቡናውን ላፈሉልን ጎረቤቶቼ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሽያጩ ከአሁኑ ሰዓት ጀምሮ ተከፍቷል፤ እስከ እሑድ ማታ 12 ሰዓት ይቆያል። የተሸጠ ሥዕል ጥግ ላይ ቀይ ምልክት ይደረግበታል፤ ሌሎች ሰዎችም እንዲያዩት እስከ መዝጊያው ሰዓት ከግድግዳው አይወርድም። የሂሳብ ጠረጴዛው በግራ በኩል፣ ከመስኮቱ አጠገብ ነው።