ስንመነጥር የምናስቀረው

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ!

የማነሣው ጉዳይ በየቤታችን ያለ ነው። ልጅ አግብቶ ጎጆ ሲወጣ መሬት ይጠይቃል። የአባት ማሳ ደግሞ ተሸንሽኖ አልቋል። ያኔ ዐይናችን ወደ ጫካው ይዞራል። ምሳር ያነሣውን ልኮንን አልቆምኩም፤ የሚያርሰው ያጣ ጎልማሳ እንዴት እንደሚንከራተት እናውቃለን። የምለምናችሁ ስትመነጥሩ ልትተዉት የሚገባውን እንድትተዉ ነው።

የምንጣሮ መሬት በመጀመሪያው ዓመት ያታልላል። ጤፉም በቆሎውም ያምራል። ያን ምርት የሰጠው ቅጠል ሲበሰብስ የኖረበት አፈርና የተቃጠለው እንጨት አመድ ነው። ዝናብ የሚበዛበት የጎጃም ቀይ አፈር ብዙው አሲዳማ ነው። አመዱ ለጥቂት ክረምት ያሻሽለዋል፤ ከዚያ ታጥቦ ይሄዳል። ቀጥሎ ገብሱ ይቀጭጫል፣ ባቄላው ይገረጣል። ማዳበሪያ ብትጨምሩም ፎስፈረሱን አፈሩ ይይዘውና ሰብሉ አያገኘውም። ያኔ አሲዱን የሚቀንስ ኖራ ፍለጋ ነው፤ ኖራውም ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ይፈልጋል፣ ማጓጓዣውም አለ።

ስለዚህ ዳገቱን አትንኩት። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስ ከልክሎ ነበር። ጮቄ ተራራ ሥር ያላችሁ ምክንያቱን በዐይናችሁ ታያላችሁ፤ በሐምሌ ወንዙ ቀልቶ ሲወርድ የሚሄደው አፈራችን ነው። የምንጭና የወንዝ ዳርም እንዲሁ ይቆይ።

ማሳው መሐል ዋንዛና ብሳና ይቁሙ። ብሳና ቅጠሉ ረግፎ ቶሎ ይበሰብሳል፣ አፈሩን ያለሰልሳል፣ አበባውን ንብ ይወደዋል። ዋንዛ ነገ የልጃችሁ በርና ሣጥን ነው። ጥላው ከበዛ ቅርንጫፉን መልምሉት፤ ግንዱን ግን ተዉት።

መሬቱ ቀድሞ የደከመበት ሰው አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ሄዶ ይይ። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ቶሎ የሚያድግ የግራር ዓይነት ችግኝ ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ ጤፉን ያጭዳል፣ ቀጥሎ ከዛፉ ሥር ሣር ያገኛል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሰል አክስሎ ይሸጣል፣ መሬቱንም መልሶ ያርሰዋል። ከሰል ማክሰል ጭሱ ከባድ ነው፤ ያም ሆኖ የደረሰውን ጫካ ከመጨረስ ይሻላል።

ደቦ ከመጠራቱ በፊት ቤተሰቡ ጫካውን አብሮ ይዙር። የሚቀሩት ዛፎች ላይ ገመድ ይታሰር። ሴቶቹም ይኑሩ፤ ምንጩ መቼ እንደሚጎድል የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

አመሰግናለሁ።