በአሜሪካ የአካል ጉዳት ክፍያ፦ ማመልከቻው የት ላይ ይበላሻል?

[ስክሪን ላይ፦ ከሶሻል ሴኩሪቲ የመጣ የእምቢታ ደብዳቤ]

ክፍያውን ከሚያስተዳድረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ፣ የሚመጣው ይህ ደብዳቤ በብዙ ሀበሻ ቤት ገብቷል። ሰውየው በእርግጥ ታሟል፤ ሥራም ካቆመ ሰንብቷል። ክፍያው ግን ተከልክሏል። በመጀመሪያው ዙር ውሳኔ የሚሰጠው ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ አመልካቹን አያየውም፤ ከፊቱ ያለው ፋይል ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ፋይሉ ውስጥ ምን መግባት እንዳለበት፣ ክፍያው ከጸደቀ በኋላም በምን ምክንያት እንደሚቋረጥ እናያለን። ቅጹን ብዙ ጊዜ ለወላጅ የሚሞላው ልጅ ስለሆነ፣ በተለይ ልጆች ልብ ብላችሁ አዳምጡን።

ሁለት የተለያዩ ክፍያዎች አሉ። ኤስኤስዲአይ ሠርቶ የሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ ለከፈለ ሰው ነው። በዓመት ቢበዛ 4 ክሬዲት፣ ማለትም የሥራ ነጥብ፣ ይያዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2026 አንዱ ክሬዲት የሚገኘው በ1,890 ዶላር ገቢ ነው። አብዛኛው አዋቂ 40 ክሬዲት ያስፈልገዋል፤ 20ዎቹም ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ባሉት 10 ዓመታት የተገኙ መሆን አለባቸው። ለወጣት ከዚያ ያነሰ ይበቃል። የታክሲና የኡበር ሾፌሮች እዚህ ላይ ይጎዳሉ። ታክስ ሲሞላ ወጪው በዝቶ የተጣራው ገቢ ከወረደ ክሬዲቱም አብሮ ይወርዳል፤ 15 ዓመት የነዳ ሰው ሲታመም ክሬዲቱ ሳይሞላ ሊቀር ይችላል።

ኤስኤስአይ የሥራ ታሪክ አይጠይቅም። 65 ዓመት ለሞላው፣ ማየት ለተሳነው ወይም አካል ጉዳት ላለበት፣ ገቢና ንብረቱ አነስተኛ ለሆነ ሰው ነው። በ2026 የፌዴራሉ ጣሪያ ለአንድ ሰው በወር 994 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 1,491 ዶላር ነው፤ አንዳንድ ስቴቶች ይጨምሩበታል። ዜግነት ለሌለው በሩ ጠባብ ነው። ስደተኛ ሆኖ የገባ ወይም ጥገኝነት ያገኘ ሰው የሚከፈለው ለ7 ዓመት ነው፤ ግሪን ካርድ ላለው ደግሞ በአብዛኛው 40 ክሬዲት ይጠየቃል። ልጅ ስፖንሰር ሆኖ ላመጣቸው ወላጆች የልጁ ገቢ እንደ እነሱ ገቢ ይቆጠራል። ስለዚህ 7 ዓመቱ ሳያልቅ ዜግነት ማመልከት ያስፈልጋል። ለዜግነት ፈተናው እንግሊዝኛ ለመማር ሕመም ከከለከላቸው ሐኪም የሚሞላው ኤን 648 የሚባል ቅጽ አለ፤ ዕድሜ ብቻውን ግን ለዚህ ቅጽ በቂ ምክንያት አይሆንም።

አካል ጉዳት የሚባለው ምንድን ነው? ሕመሙ ቢያንስ 12 ወር የቆየ ወይም እንደሚቆይ የሚጠበቅ፣ አለዚያም ለሞት የሚያበቃ መሆን አለበት። ሰውየውም በወር ከ1,690 ዶላር በላይ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት የማይችል መሆን አለበት፤ ማየት ለተሳነው ቁጥሩ 2,830 ነው። ከፊል ጉዳት ብሎ ግማሽ ክፍያ የለም።

ፋይሉ ውሳኔ ወደሚሰጠው የስቴቱ ቢሮ ሄዶ በአምስት ጥያቄ ይመዘናል፦ እየሠራ ነው? ሕመሙ ከባድ ነው? በመሥሪያ ቤቱ የሕመም ዝርዝር ውስጥ ካሉት ጋር ይመጣጠናል? ባለፉት 5 ዓመታት የሠራውን ሥራ ይችላል? ሌላ ሥራስ? በመጨረሻው ጥያቄ ዕድሜ ትልቅ ቦታ አለው፤ 50 ከዚያም 55 ሲሞላ መመዘኛው ይላላል። ድሮ እንግሊዝኛ አለመቻልም በዚህ ላይ ይረዳ ነበር፤ ከኤፕሪል 2020 ወዲህ ግን ቀርቷል። «እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ያልፍላቸዋል» የሚል ምክር ከሰማችሁ ጊዜው አልፎበታል።

[ስክሪን ላይ፦ የዕለት ተዕለት ተግባር ቅጽ፣ ቁጥር 3373]

ብዙ ማመልከቻ የሚበላሸው በዚህ ቅጽ ነው። ምግብ ያበስላሉ? ገበያ ይወጣሉ? ምን ያህል ይራመዳሉ? እያለ ይጠይቃል። እናታችሁ «ቡና አፈላለሁ» ካሉና እናንተም ያንኑ ከጻፋችሁ፣ አንባቢው ቆመው የሚሠሩ፣ ዕቃ የሚያነሡ ሴት ይታዩታል። ቤት ውስጥ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡናውን ይቆላሉ፤ ጀበናውን የምትጥደውና የምታወርደው ልጅ ናት፤ ጣታቸው ስለሚደነዝዝ ሲኒ ይወድቅባቸዋል፤ ሁለተኛው ሳይደርስም ወገባቸውን አሟቸው ጋደም ይላሉ። መጻፍ ያለበት ይሄ ነው። ምን ያህል ደቂቃ ይቆማሉ? ስንት ጊዜ ያርፋሉ? ማን ያግዛቸዋል? በሳምንት ስንት ቀን ጭራሽ መነሣት ያቅታቸዋል? ማጋነን አያስፈልግም፤ ችግርም ያመጣል። የተጋነነው ከሐኪሙ መዝገብ ጋር ሲጋጭ እውነቱም አብሮ ይጣላል፤ ሆን ተብሎ የተጻፈ ሐሰት ደግሞ ወንጀል ነው።

ሐኪም ቤትም እንዲሁ ነው። «እንዴት ሰነበቱ?» ሲባሉ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ ወላጆቻችን። ሐኪሙ ደህና መሆናቸውን ይጽፋል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ያቺው መስመር ማስረጃ ሆና ትመጣለች። ምስጋናው ይቅር አንልም፤ ከምስጋናው ቀጥሎ ሕመሙ ይነገር። መድኃኒት አቋርጠው ጸበል ከሰነበቱም ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ካልተነገረው መዝገቡ ላይ የሦስት ወር ክፍተት ብቻ ይታያል፣ ክፍተቱም ሕመሙ እንደተሻለ ተደርጎ ይነበባል። አስተርጓሚ በነጻ ይሰጣል፤ በ1-800-772-1213 ስትደውሉ ጠይቁ። ቀጠሮ ላይ ልጅ ባያስተረጉም እንመርጣለን፤ እናት ስለ ሽንት መቆጣጠር ወይም ስለ ጭንቀት በልጇ አፍ አትናገርም።

በዚያው ስልክ ማመልከት እንደምትፈልጉ በተናገራችሁበት ቀን ቀኑ እንዲመዘገብ አድርጉ። ኤስኤስአይ የሚታሰበው ካመለከቱበት ወር ቀጥሎ ካለው ወር ስለሆነ፣ ወረቀት እስኪሟላ ብሎ መጠበቅ ገንዘብ ያስቀራል። ቢሮው ወደ ራሱ ሐኪም ከላካችሁ ክፍያው በእሱ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ግን ብቻውን ለመከልከል ይበቃል።

[ስክሪን ላይ፦ 2,000 ዶላር]

ጸድቆ የመጣ ኤስኤስአይ የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ቁጥር ነው። የንብረት ጣሪያው ለአንድ ሰው 2,000፣ ለባልና ሚስት 3,000 ዶላር ሲሆን፣ ከ1989 ወዲህ አልተነካም። ኑሮው የት ደርሶ ይሄ ባለበት መቆሙ ግፍ ነው ብለን እናምናለን፤ ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ግን የሚሠራው እሱ ነው። የሚታየው በወሩ የመጀመሪያ ቀን ያለው ሒሳብ ነው። ዕቁብ ደርሷቸው የገባው 6,000 ዶላር የሚቀጥለው ወር 1ኛ ቀን ላይ አካውንት ውስጥ ካደረ የዚያ ወር ክፍያ አይገባቸውም፤ መሥሪያ ቤቱም ከባንኮች ጋር በኮምፒውተር ያመሳክራል። ገንዘቡን ለዘመድ መስጠት መፍትሔ አይሆንም፤ እስከ 36 ወር ሊያስቀጣ ይችላል። የልጅ አካውንት ላይ የእናት ስም ካለበት ሙሉው ገንዘብ የእሷ ነው ተብሎ ይገመታል፣ ካልተስተባበለ። የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም፤ አዲስ አበባ በስማቸው ያለና የማይኖሩበት፣ ሊሸጥ የሚችል ቤት ግን ይቆጠራል። ሕመሙ ከ46 ዓመት በፊት ለጀመረው ሰው ከ2026 ጀምሮ ኤብል አካውንት የሚባል ለአካል ጉዳተኞች የተዘጋጀ ልዩ የቁጠባ ሒሳብ ይፈቀዳል፤ እዚያ ያለ እስከ 100,000 ዶላር ለኤስኤስአይ አይታሰብም።

ከልጅ ጋር የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ፣ የኪራይና የመብራት ድርሻቸውን ካልከፈሉ እስከ ሲሶ ገደማ ይቀነሳል። አራት ሰው በሚኖርበት ቤት ወጪው 2,400 ከሆነ ድርሻቸው 600 ነው፤ በየወሩ በቼክ ይክፈሉ፣ ማስረጃውም ይቀመጥ። እንጀራው ወጡ ግን ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ወዲህ አይታሰብም።

አገር ቤት ለመሄድም ቀን ቁጠሩ። 30 ተከታታይ ቀን ከአሜሪካ ውጭ የቆየ ሰው ኤስኤስአይ ይቋረጥበታል፤ ከተመለሰም በኋላ እዚህ 30 ተከታታይ ቀን እስኪሞላ አይቀጥልም። ለልቅሶም ሆነ ለሠርግ ትኬቱ ከአራት ሳምንት አይለፍ።

እምቢታ ሲመጣ ያላችሁ 60 ቀን ነው፤ ለፖስታ 5 ቀን ይታሰባል። አዲስ ማመልከቻ አትጀምሩ፣ የፊተኛው ማመልከቻ ቀን ይጠፋል፤ ይግባኝ በሉ። እየተከፈለ ያለ ኤስኤስአይ ሊቋረጥ ወይም ሊቀነስ ነው የሚል ደብዳቤ ከሆነ ግን በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ያለ ሰው ጉዳዩ እስኪታይ ክፍያው እንዲቀጥልለት መጠየቅ ይችላል፤ ከተረታ እንዲመልስ ሊጠየቅ እንደሚችልም ይወቅ። የይግባኙ መንገድ በአብዛኛው መጀመሪያ ፋይሉን እንደገና ማየት፣ ቀጥሎ ዳኛ ፊት ችሎት ነው። ችሎት ላይ ነው ዳኛው ሰውየውን የሚያየው፣ ድምፁን የሚሰማው። ጠበቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው ካሸነፈ ብቻ፣ ከተጠራቀመው ውዝፍ ክፍያ 25 በመቶ፣ በተለመደው ውል ከ9,200 ዶላር ሳይበልጥ ነው። አዲስ የሐኪም ማስረጃ ከችሎቱ ቢያንስ 5 የሥራ ቀን አስቀድሞ መግባት ወይም መኖሩ መነገር አለበት።